ከባሌ በፊት

23 ኪሎ የምትለዋን ቁጥር የማያውቅ የዋሽንግተን አበሻ የለም። ለአንድ ሻንጣ የተፈቀደው ክብደት ነው፤ ለአንድ ሰው ደግሞ ሁለት ሻንጣ። በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የአዲስ አበባ ተሳፋሪ በሚሰለፍበት በኩል፣ ጠዋት ጠዋት ወለሉ ላይ የተዘረገፈ ሻንጣ አይጠፋም። አንዲት እናት ተንበርክከው የሕፃን ወተት ቆርቆሮ ከአንዱ ሻንጣ ወደ ሌላው ያሸጋግራሉ። ልጃቸው ኪሎ ለመቀነስ ሦስት ጃኬት ደራርቦ ላብ በላብ ሆኗል። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሳይጠየቅ ይመክራል፦ «እማማ፣ ጫማውን በእጅ ይያዙት። ሚዛኑን የሚደፋው ጫማ ነው።»

እኔና ባለቤቴ ያን ቀን ከሚዛኑ በሰላም አለፍን፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳሎናችን ውስጥ ስናወጣና ስናገባ አድረን ስለነበር ነው። በአራቱ ሻንጣ ውስጥ የራሳችን ልብስ ግማሽ ሻንጣ አይሞላም። የቀረው የደም ግፊት መድኃኒት፣ ቫይታሚን፣ የስኳር መለኪያ፣ ስልክ፣ የሩጫ ጫማ፣ ከዚያም የሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤቶቻችን «ትንሽ ነገር ናት» እያሉ ያመጡት ፌስታል ሁሉ ነው። የተራራ ጫማችን ቦታ አጥቶ በእግራችን ሄደ።

ጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ ጥምቀት አልፏል። የምንሄደው ባሌ ነው፣ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር በቡድን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 ላይ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ባለቤቴ ስለ ሰነቲና ስለ ቀይ ቀበሮ ማንበብ አላቆመችም። ተወልዳ ባደገችበት አገር አንድም ቀን እንደ ጎብኚ ሄዳ አታውቅም። «ሁልጊዜ ለቅሶና ሰርግ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አገሩን ልየው» አለች። አስጎብኚው ድርጅት የላከልን መርሐ ግብር ላይ «አንደኛ ቀን» የሚባለው ቡድኑ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ የሚገናኝበት ምሽት ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ቀናት ቁጥር አልተሰጣቸውም። እኛ ግን ቀደም ብለን ለመግባት ቆረጥን። ሐኪማችንም አጥብቆ የመከረን ይህንኑ ነው።

የሐኪሙ ምክንያት ከፍታ ነው። የደለስ ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው። የሰነቲ አምባ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲሆን ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ይደርሳል። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገባው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ ሰነቲ ላይ ወደ ሦስት አምስተኛው ይወርዳል። ከሜሪላንድ በቀጥታ ሰነቲ የወጣ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ቢይዘው አይገርምም። አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ቀን ማደር ለሰውነት መወጣጫ ይሆነዋል። «እኛ የደጋ ልጆች ነን፣ ምን ይነካናል?» የሚል ወገን ሞልቷል። ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች የደማቸው ሄሞግሎቢንም ሆነ የኦክስጅን መጠኑ ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው እምብዛም እንደማይለይ አሳይታለች። እውነት ነው፤ ግን ጥናቱ እዚያው ስለሚኖሩት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ ላረጀ ሰው መመኪያ አይሆንም።

አውሮፕላኑ የተነሣው በኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ነው። እስከ አዲስ አበባ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ ሳያርፍ 13 ሰዓት ግድም ይበራል። የመልሱ መንገድ እንዲህ አይደለም። ቦሌ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ይከብደዋል፤ ነፋሱም ከፊት ይገጥመዋል። ስለዚህ ወደ ዋሽንግተን የሚመለሰው መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል።

ከምግብ በኋላ መብራቱ ደብዘዝ ሲል የፈረንጅ አውሮፕላን ጸጥ ይላል። የኛው ያኔ ነው የሚሞቀው። መተላለፊያው ላይ ቆሞ የሚያወራ ብዙ ነው፤ «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል፤ አትላንቲክን ሳንጋመስ ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ከባለቤቴ አጎት ጋር አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ሆነው ተገኙ። ይህ ወሬ ለጤናም ይበጃል። ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጦ መብረር እግር ላይ ደም የመርጋትን አደጋ ከፍ ያደርጋል፤ ተነሥቶ የሚያወራ ሰው ሳያውቀው ራሱን ይጠብቃል። የአየሩ ድርቀት ግን ማንንም አይምርም፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው እርጥበት ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል።

ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። የተለመዱት አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 2,400 ሜትር ተራራ ላይ እንዳለው ያህል እንዲሆን ይፈቀዳል። ድሪምላይነር አካሉ ከካርቦን ጭረት የተሠራ በመሆኑ የበለጠ ግፊት ስለሚችል ከ1,800 ሜትር አያልፍም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ የመጀመሪያውን ሲያስገባ ስለ መስኮቱ ስፋት ብዙ ተወራ፤ ስለዚህ ነገር ግን ብዙም አልሰማሁም። ቦሌ እኮ ከ1,800 በላይ ነው! አውሮፕላኑ ወደ መሬት ሲወርድ ውስጡ ያለው አየር ወደ ላይ ይወጣል። ሌላ አገር ሲያርፉ ጆሮ ወደ ውስጥ የሚደፈነው፣ እዚህ ወደ ውጭ ይፈነዳል። ከሰማይ ወርደን ከነበርንበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንደርሳለን ማለት ነው።

ቦሌ ስንወርድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሆኗል፤ ሰውነታችን ግን እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በጥር በሁለቱ ከተሞች መካከል የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። በነገራችን ላይ፣ የዋሽንግተን ሰዓቱን ከእጁ ያላስተካከለ ሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካነበበው የሚሳሳተው በሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ እዚያ 11 ሲል እዚህ 1 ሰዓት ይላል፤ ቀኑና ሌሊቱ ተገለባብጦ። ባለቤቴ ይህን ካወቀች ጀምሮ የእጅ ሰዓቷን ማስተካከል ትታለች።

ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ የያዘ ሰው የኢሚግሬሽኑ ሰልፍ ቶሎ ያልቅለታል። እኛም ወጣን። ተቀባይ ተርሚናሉ ውስጥ መግባት ስለማይፈቀድለት ዘመድ ሁሉ አበባውን ይዞ ከመኪና ማቆሚያው በኩል ይጠብቃል። እዚያ ላይ ነው ባለቤቴ ጥቁር መነጽሯን ያደረገችው። አክስት፣ የአክስት ልጅ፣ የአጎት ልጅ፣ ሁሉም እያቀፈ ሲስማት እሷ መነጽሯን አላወለቀችም። «ምነው፣ ስታለቅሺ ነው የመጣሽው?» አለች አንዷ። ሌላዋ ዝም ብላ አየቻት፤ አሜሪካ ኩራት አስተማረቻት ማለቷ ነው።

መነጽሩ የጄት ላግ መድኃኒት ነው። ከአንጎል ሥር፣ የሁለቱ ዓይን ነርቮች በሚሻገሩበት ቦታ፣ የቀንና የሌሊታችንን ምት የሚመታ የሕዋሳት ስብስብ አለ። የሚስተካከለው ከሁሉ በላይ በብርሃን ነው፤ ያውም በቀን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ። ወደ ምሥራቅ መሄድ ይብሳል፤ የሰውነት ሰዓት በተፈጥሮው ከ24 ሰዓት ትንሽ ስለሚረዝም ማምሸት ይቀናዋል፣ መቅደም ይከብደዋል። ሰው ሁሉ የሚመክረው «እንደደረስክ የጠዋት ፀሐይ ሙቅ» ብሎ ነው። ስምንት ሰዓት ወደ ምሥራቅ ለተጓዘ ሰው ግን ይህ ምክር ለመጀመሪያው ቀን አይሆንም። የሰውነት ሙቀት ከሁሉ የሚወርደው ከተለመደው የመንቂያ ሰዓት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ በፊት የመጣ ብርሃን ሰዓቱን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ወደ ፊት ይገፋዋል። ዋሽንግተን ላይ ማልዶ ለሚነሣ ሰው ያ ዝቅተኛ ነጥብ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት ይውላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን እስከ ቀትር ከፀሐይ መሸሽ፣ ከቀትር በኋላ ደጅ መዋል፤ በማግስቱ ደግሞ አንድ ሰዓት አስቀድሞ መውጣት። ይህን ለባለቤቴ አክስት ቦሌ መኪና ማቆሚያ ላይ ማስረዳት አይቻልም። አልሞከርንምም።

ቡድኑ የሚሰበሰብበት ሆቴል ውስጥ ክፍል አስይዘን ነበር። አጎቷ መኪናው ውስጥ ሰሙ። «ሆቴል? ቤት ሞልቶ?» አሉ፤ አለቀ። ወደ ሽሮ ሜዳ ተነዳን።

ዲያስፖራ አገሩ ገብቶ የመጀመሪያዎቹን ቀናት «አርፌ» አሳለፍኩ ካለ አትመኑት። ከእኛ በኋላ በዚያው ሳምንት የገቡ ጀርመናውያን ባልና ሚስት የቡድናችን አባላት ነበሩ። ሁለት ቀን ሆቴላቸው ተኝተዋል፣ ብሔራዊ ሙዚየም ሄደው ሉሲን አይተዋል፣ ማኪያቶ ጠጥተዋል። የጉዞ ወኪሎች «የማረፊያ ቀናት» የሚሉት ይህንን ነው፤ ለእነሱ በትክክል ይሠራል። የኛ ቀናት ግን ገና ዋሽንግተን እያለን ተከፋፍለው አልቀዋል። በቴሌግራም የመጣ ዝርዝር ነበረን፤ በላዩ ላይ ባልነበርንባቸው ዓመታት የሞቱ ሰዎች ስም አለ። ሳይደረስ የቀረ ለቅሶ ዕዳ ነው። ዕዳው ሳይከፈል ባሌ ተራራ ላይ ታይተን ፎቶግራፋችን ፌስቡክ ላይ ቢወጣ ምን እንደሚባል ሁለታችንም እናውቃለን።

የመጀመሪያው ቤት የባለቤቴ ሟች ታላቅ አክስት ቤት ነበር። ከደረስን ገና ጥቂት ሰዓት ነው፤ ከቀትር በኋላ ፀሐይ እንድንሞቅ ሐኪሙ ያዘዘበት ሰዓት። መጋረጃው የተዘጋ ሳሎን ውስጥ ገባን። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ጀምራ አለቀሰች፤ የሟች ልጆች አብረዋት አለቀሱ፤ ሁለት ዓመት ያለፈው ሞት እንደ ትናንት ሆነ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ «በቃ፣ በቃ» አለ፤ ነጠላ ተስተካከለ፣ ፊት ተጠረገ፣ ቡና ቀረበ። ከዚያ ወዲያ ነው «እንኳን ደህና መጣችሁ» የተባለው፤ ሳቁም፣ ስጦታውም፣ «ከስተሻል»ም የመጣው። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ለቅሶው ቀድሞ ደስታው ይከተላል። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው ቤተ ዘመድ ይቀየመዋል። ከዚያ ምግብ ቀረበ። ሆዳችን ሌሊት ላይ ስለነበር መብላት አልቻልንም፤ ግን «በሞቴ» ከተባለ ምን ይደረጋል?

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ወደቅን፤ ሌሊት ስምንት ላይ ዓይኔ ፈጠጠ። ዋሽንግተን ላይ ገና አመሻሽ ነው፤ ሰውነት ከሥራ መልስ እራት የሚጠብቅበት ሰዓት። ውጭ ውሻ ይጮኻል፤ ከእንጦጦ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይወርዳል፤ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ የሌሊት ጸሎት ተጀምሯል። በረንዳው ላይ ስወጣ አጎትየው ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳዊት ደግመው ጨርሰው ተቀምጠዋል።

«እንቅልፍ እምቢ አለህ?»

«እምቢ አለ ጋሼ።»

«እኔንም ድሮ ነው የተወኝ። ና ተቀመጥ።»

እስኪነጋ አወሩኝ። ስለ ባለቤቴ ታላቅ አክስት የመጨረሻ ወራት፣ በስልክ ማንም ያልነገረንን፤ ሐኪም ቤት ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ፣ መጨረሻ ላይ ማንን እንደጠሩ። «ለእሷ አሁን አትንገር፤ ቀስ ብለህ» አሉ። በቀን ይህን ወሬ ማውራት አይቻልም፤ ቤቱ በሰው ይሞላል። ሐኪሞች ከጄት ላግ ጉዳቶች አንዱ ብለው የሚጽፉት ያ የሌሊት ንቃት ባይኖር ይህን አልሰማም ነበር። በማግስቱም በዚያው ሰዓት ተገናኘን። ሦስተኛው ሌሊት ላይ እንቅልፌ ተስተካክሎ እስከ ንጋት ስተኛ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅር አለኝ።

ቀን ቀን፣ ለቅሶ ለቅሶውን ስናዳርስ፣ ከተማዋን በመኪና መስኮት አየናት። ያደግሁት ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። ራይድ የጠራሁት ሾፌር «የት ላውርድዎት ጋሼ?» ሲለኝ የምጠራው ምልክት አጣሁ፤ ከዓድዋ ድል መታሰቢያ በታች በል አልኩት፤ እሱንም ያወቅሁት በቴሌቪዥን ነው። መንገዱ ሰፊ ነው፣ የእግረኛው መሄጃ የተነጠፈ፣ መብራቱ የሚያምር። ባለቤቴ ወደደችው። እኔ የጎረቤቶቼን በር ስፈልግ ቆየሁ። ያም ሆነ ይህ፣ ሁለታችንም አንድ ቦታ ላይ ቆመን የተለያየ ከተማ አየን፤ ማታም ተከራከርንበት።

ባንክ ቤት ደግሞ ሌላ ድንጋጤ። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 2016 ላይ ከመወሰኑ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ እኛ ስንደርስ ከ120 በላይ ሆኗል። ዶላር ለያዘ ሰው መልካም ይመስላል። አጎትየው ጡረታቸውን የሚቀበሉት በብር ነው፤ ገበያ ወጥተው ሲመለሱ የሚሉትን የሰማ ሰው ምንዛሪው ተመቸኝ ብሎ አይኩራራም።

አንድ ጠዋት ግን ከዘመድ ሰረቅን። «ሐኪም አዝዞናል» ብለን፣ ውሸትም አልነበረም፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወጣን። እዚያ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ለሰነቲ ልምምድ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። የባሕር ዛፉ ሽታ ጥሩ ነው፤ ትንፋሻችን ግን ቶሎ ቶሎ ሆነ፤ ባለቤቴ በየሃምሳ እርምጃው ቆማ «ከተማውን ልየው» ትላለች። ከኋላችን አንዲት እናት የራሳቸውን ቁመት የሚያህል ጭራሮ ተሸክመው እየወረዱ አለፉን፤ «እግዜር ያበርታችሁ ልጆቼ» አሉን፤ እኛን! ሲንቲያ ቢል ያጠናችው ደም ይህ ነው አልኩ በልቤ።

በመርሐ ግብሩ «አንደኛ ቀን» ምሽት ላይ ከቡድኑ ጋር ተገናኘን። አስጎብኚው ጎበዝ ወጣት ነው፣ ባሌን እንደ ጓሮው ያውቃል። ወደ ሮቤ በአውሮፕላን ሄደን ጎባ እንደምናድር፣ ሰነቲ ቀን ወጥተን ማታ ዝቅ ወዳለ ቦታ እንደምንመለስ ነገረን። ከ2,750 ሜትር በላይ የሚታደርበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የሐኪሞችም ምክር ነው። ስለ ቀይ ቀበሮም አወራ፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ፊንጫ ሀበራ ስለሚባለው ዋሻ የነገረን ግን ከሁሉ በላጭ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት መሠረት፣ ከ3,400 ሜትር በላይ ባለው በዚያ ዋሻ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት እየተመላለሱ ኖረዋል፤ ይበሉ የነበረውም በአብዛኛው ግዙፉን የባሌ ፍልፈል ነው። ጀርመናዊው «እንዴት ይጠብሱት ነበር?» አለ፤ ሁሉም ሳቀ። ባለቤቴ አልሳቀችም፤ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። ሌሎቹ ለጉዞው አርፈው መጥተዋል፤ እኛ ለማረፍ ወደ ጉዞው መጥተናል። ገንዘብ ከፍለን ከዘመድ የምናመልጥበት ሌላ መንገድ አልነበረም።

ቢሆንም ሙሉ ለሙሉ አላመለጥንም። ጥር የሰርግ ወር ነው። ያን ዕለት ጠዋት የጥሪ ወረቀት መጥቶልን ነበር፤ የአጎትየው የልጅ ልጅ እሑድ ትዳራለች። «ሰርግ ትታችሁ ቀበሮ ልታዩ?» ብለው አጎትየው ጋቢያቸውን አስተካክለው ጠየቁን፤ መልስ አልነበረንም።

አስጎብኚው ሲጨርስ «ጥያቄ ያለው?» አለ። አንዷ ስለ ብርዱ ጠየቀች፣ ሌላው ስለ ካሜራ ባትሪ። ባለቤቴ ነቃ ብላ እጇን አወጣች፦

«ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው አዲስ አበባ የምንገባው?»

ልጁ አላመነታም። «ሰርግ አለባችሁ እንዴ?»

«እሑድ።»

«የኔም የእህቴ ልጅ እሑድ ናት» አለ፤ «ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አዲስ አበባ ነን።»